ዶክተር፣ ጓንትዎ ነክቷል

ቆሻሻን ዓይን ያየዋል። ደም የደረቀበት መቀስ፣ እድፍ ያለበት ጋውን ማንም ይለየዋል። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። ከአውቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት ሙቀት ጀርም ከሚገድለው ማሽን፣ የወጣ ኬሊ የሚባል የደም ሥር መቆንጠጫና በሳሙና ታጥቦ የተወለወለ ኬሊ ጎን ለጎን ቢቀመጡ እኔም አልለያቸው፣ ዕድሜውን በዚሁ ሥራ የጨረሰ ሰርጅንም አይለያቸው። ሁለቱም ያብለጨልጫሉ። አንዱ ሰው ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው አይገባም።

ዘመዶቼ «መቀስ ታቀብያለሽ አይደል?» ይሉኛል። አዎ፣ የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነኝ፣ አቀብላለሁ። ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ይህ ዕቃ ከየት መጣ? ማን ነካው? ስንት ዲግሪ ሙቀት አገኘ? ለስንት ደቂቃ? ዓይን የማይለየውን ዕቃ የምናውቀው በታሪኩ ነው። ታሪኩን ያየ ሰው ዝም ካለ ደግሞ የቀረነው ሁላችን በግምት እየሠራን ነው። ስለዚህ ዝምታ ነው መጻፍ የፈለግሁት። ግን በአውቶክሌቭ በኩል ካላለፍኩ አይገባም፤ ታገሱኝ።

መጽሐፉ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይላል። ግፊቱ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)። ተማሪ ሆነን በቃል ያጠናነው ይህን ነው። ችግሩ ይህ የግፊት ቁጥር የተጻፈው ባሕር ጠርዝ ላይ ለሚኖር ሰው መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው፤ 92 ወይም 93 ላይ ይንተከተካል። ደጋ ላይ የሽምብራ ንፍሮ አልበስል ብሎ ማገዶ የሚጨርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የአውቶክሌቩ ጌጅ (ግፊቱን የሚያነበው ሰዓት መሰል መለኪያ) የሚያሳየው ደግሞ ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የውጪው አየር ራሱ ሲሳሳ፣ ጌጁ 15 እያለ ውስጡ 117 ዲግሪ አካባቢ ይቀራል። መርፌው ትክክለኛ ቦታው ላይ ቆሟል። ሰዓቱ ተቆጥሯል። ዕቃው ግን ማግኘት የነበረበትን ሙቀት አላገኘም። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒኤስአይ መጨመር ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 19 ይጠጋል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ሙቀቱን ራሳቸው ይለካሉ፣ ወረቀትም ያትማሉ። ጌጅ ብቻ ያለው እንደ ትልቅ ድስት የሆነው አውቶክሌቭ ግን በየጤና ጣቢያው ዛሬም አለ። እሱ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው።

ድሮ የሠራሁበት የደጋ ከተማ ከ2,700 ሜትር በላይ ነበረች። እዚያ የነበረ የባዮሜዲካል ቴክኒሺያን ማሽኑ ላይ በፕላስተር ወረቀት ለጥፎ ነበር። በእስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል፦ «20 ሳይደርስ ሰዓት አትቁጠሩ»። ስለ ምክንያቱ አንድም ቃል አልጻፈም። ማንም የሚመጣ ሰው ግን ያነበዋል። ከብዙ ወፍራም መመሪያ ይልቅ ያቺ ወረቀት ሰው ያተረፈች ይመስለኛል።

ሌላው ነገር አየር ነው። እንፋሎት ካልነካው ዕቃው አልሞቀም ማለት ነው። ድራሙ (ጎዝና ጨርቅ የሚገባበት ክብ የብረት ዕቃ) እስኪጨናነቅ ጎዝ ከተጠቀጠቀበት መሀሉ ላይ ያለው እንደገባ ይወጣል። የድራሙ የጎን መስኮት ሳይከፈት ከገባም ያው ነው። ኬሊና መቀስ ተቆልፈው ከገቡ መገጣጠሚያቸው ውስጥ እንፋሎት አይደርስም፤ ስለዚህ ክፍት ሆነው ነው የሚደረደሩት። ሳህን አፉ ወደ ላይ ሆኖ ከተቀመጠ አየር ይይዛል፣ ሲበርድም ውሃ ያቁራል፤ በጎኑ ይቀመጣል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ «አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር፣ አሥር እንጨምርለት» አይሠራም። ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ይህን ለማያውቅ ሰው መንገር ቀላል ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወረፋ እየጠበቀች ያለች ነፍሰ ጡር እያለች፣ ለሚያውቅ ሰው መንገር ነው የሚከብደው።

ጥቅሉ ላይ ያለው ቴፕ ብዙ ሰው ያታልላል። መስመሮቹ ጠቁረው ሲያይ «ስቴራይል ነው» (ሕያው ጀርም የለበትም) ብሎ ያነሳዋል። ቴፑ የሚናገረው ጥቅሉ አውቶክሌቭ ውስጥ እንደገባ ብቻ ነው። ስለ ውስጡ አያውቅም። ስለ ውስጡ የሚያውቀው መሀል ላይ የተቀመጠው ኢንዲኬተር፣ እንፋሎትና ሙቀት ሲያገኝ ቀለሙ የሚቀየረው ወረቀት፣ ነው፤ ያንን የምናየው ደግሞ ሲከፈት ነው። ከዚያም በላይ ማረጋገጥ ለሚፈልግ ጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ የሚባል ሙቀት የማይበግረው ባክቴሪያ አለ። ስፖሩ (ባክቴሪያው ጠንክሮ ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት ቅርጹ) በትንሽ ብልቃጥ ከዕቃው ጋር ይገባል። እሱ ከሞተ ሌላው ሁሉ ሞቷል ተብሎ ይታሰባል። ቢያንስ በሳምንት አንዴ መደረግ አለበት ይባላል። ይባላል ያልኩት አውቄ ነው።

እስቲ አንድ ሴት እንክፈት። (ሴት ስል የዕቃ ጥቅሉን ነው፤ ወንድሜ ስልክ ላይ ሳወራ ሰምቶ ደንግጦ ያውቃል።) መጀመሪያ በእጄ መዳፍ ከሥር እዳስሰዋለሁ። እርጥበት ካለው አልከፍተውም፤ ይመለሳል። እርጥብ ጨርቅ ውጪ ያለውን ጀርም ወደ ውስጥ ይስባል። ትኩስ ትሪ ከማሽኑ እንደወጣ ቀዝቃዛ ብረት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ሥሩ ያልበዋል፤ እርጥብ ጥቅል የሚመጣበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ከዚያ ቀኑን አነባለሁ። ቴፑን አያለሁ። ሰርኩሌተሯ (ስቴራይል ጋውን ሳትለብስ ዕቃ የምታቀርብልን ነርስ) የውጪውን ጨርቅ ስትከፍት መጀመሪያ ከእሷ የሚርቀውን ጫፍ ነው የምትገልጠው፣ ቀጥሎ ግራና ቀኙን፣ በመጨረሻ ወደ እሷ ያለውን። ተገላቢጦሽ ካደረገችው ክንዷ ክፍቱ ዕቃ ላይ ያልፋል፤ ከክንድ የሚረግፈው ደግሞ አይታይም። የውስጡን እኔ እከፍታለሁ። ኢንዲኬተሩን ፈልጌ አወጣለሁ። ቀለሙ ካልተቀየረ ሰርጅኑ ታጥቦ ቆሞ እንኳ ቢሆን ሴቱ ይመለሳል።

ድሬፑን፣ ማለትም ታካሚውን የምንሸፍንበትን ጨርቅ፣ ወደ መብራቱ አነሳዋለሁ። ይሄኛው የእኛ አገር ቁም ነገር ነው። ብዙ ቦታ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ወረቀት ድሬፕ የለንም። የምንጠቀመው ጨርቅ ነው፣ የሚታጠብ፣ የሚተኮስ፣ መልሶ የሚታጠብ። ጨርቅ ያልቃል። ቀዳዳው በጣት ሲዳሰስ አይገኝም፤ ብርሃን ግን ያሳልፋል። በመርፌ የተጣፈ ጨርቅም አያስደስትም፤ መርፌው ራሱ በየስፌቱ አዲስ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት «ክሊን ከት» የሚለውን ሥራ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲጀምር ከተመለከታቸው 6 ነገሮች አንዱ ይኸው የጋውንና የድሬፕ ጉዳይ ነበር። ሌሎቹ የእጅና የቆዳ ንጽህና፣ የዕቃዎቹ ስቴራይልነት፣ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ መሰጠቱ፣ የጎዝ ቆጠራና ቼክሊስት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት በ5 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የቁስል ኢንፌክሽን ሲሶ ያህል ቀንሷል። ለዚህ አዲስ ማሽን ወይም አዲስ መድኃኒት አልመጣም። ድሬፑን ወደ መብራት ማንሳት ነው፣ ኢንዲኬተሩን ማየት ነው፣ ያዩትን መናገር ነው።

መናገር ላይ ደረስን።

ጋውን የለበሰ ሰው ሁሉ ነገሩ ስቴራይል ይመስለዋል። አይደለም። ከፊት ለፊት፣ ከደረት እስከ ጠረጴዛው ከፍታ። እጅጌው ደግሞ ከክርን ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ ጓንቱ። ጀርባው አይቆጠርም። ከወገብ በታች አይቆጠርም። ብብት ሥር አይቆጠርም፤ ስለዚህ እጅ አጣምሮ ብብት ውስጥ መወሸቅ ክልክል ነው። ጠረጴዛውም ላዩ ብቻ ነው ስቴራይል። ጠርዙን አልፎ የተንጠለጠለ ክር ወደ ላይ አይሳብም፣ ተቆርጦ ይቀራል። ሁለት የታጠቡ ሰዎች (እጃቸውን አጽድተው ጋውንና ጓንት የለበሱ) ሲተላለፉ ፊት ለፊት ወይም ጀርባ ለጀርባ ነው። ያልታጠበ ሰው ከጠረጴዛው 30 ሴንቲሜትር ይርቃል። እነዚህን ሕጎች ማንም በአንድ ከሰዓት ያጠናቸዋል።

በአንድ ከሰዓት የማይጠናው የሚከተለው ነው። ሕጉን የሚጥሰው ሰው ብዙ ጊዜ አያውቅም። ጀርባው አይታየውም። ዓይኑ ቁስሉ ላይ ነው፣ መሆንም ያለበት እዚያ ነው። የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ከሁሉም ያነሰ ደሞዝ የሚበላው፣ ከሁሉም በዕድሜ ትንሹ ነው። ሰርኩሌተሯ። ተማሪው። የጽዳት ሠራተኛዋ። እና ያደግነው ትልቅ ሰው ሲሳሳት ጣሪያ ጣሪያ እያየን ነው። ይሉኝታችን ለጉርብትና ጥሩ ነው። ለተከፈተ ሆድ ጥሩ አይደለም።

አንድ ቀን አዲስ የተመረቀች ልጅ ሰርኩሌተር ነበረች። ሰርጅኑ ስማቸው የከበደ፣ ተማሪ የሚፈራቸው ሰው ናቸው። ቀና ብለው መብራቱን አስተካከሉ። እኔ ጎዝ እየቆጠርኩ ነበር፣ አላየሁም። ልጅቷ ሄደች፣ ከመደርደሪያው ጓንት አነሳች፣ መጣችና ከጎናቸው ቆመች።

«ዶክተር፣ ሰባት ተኩል ቁጥር ጓንት ከፍቻለሁ።»

«ለምን?»

«መብራቱን ሲያስተካክሉ ከስቴራይሉ እጀታ በላይ ነካዎት።»

መብራቱን አዩ። እጃቸውን አዩ። «አላየሁም» አሉ፣ እጃቸውንም ዘረጉላት። እሷ ጓንቱን ይዛ ገፈፈችው፣ እኔ አዲሱን ዘርግቼ አለበስኳቸው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። አላመሰገኗትም፤ አልተቆጧትምም። ቀጥለው «ኬሊ» አሉ።

ይህችን ልጅ የማደንቃት በድፍረቷ ብቻ አይደለም፤ በዘዴዋም ነው። ከመናገሯ በፊት ጓንቱን ከፍታለች። ክርክር የሚጀመርበት ቦታ አልተወችም። መፍትሔው እጇ ላይ ነው፣ የቀረው እጅ መዘርጋት ነው። ከዚያ ወዲህ ለሚመጡ ተማሪዎች ሁሉ የምነግረው ይህን ነው፦ መጀመሪያ ክፈቱ፣ ከዚያ ተናገሩ።

ሌላ ዓይነት መልስም ሰምቻለሁ። «አልነካሁም፣ ቀጥይ።» የት እንደሰማሁ አልናገርም። የዚህ መልስ ጉዳቱ የዚያን ዕለት ታካሚ ላይ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ነገር የምታይ ነርስ ዓይኗን ወደ ወለሉ ትጥላለች። «አልነካሁም» የሚለው ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል እኮ። አለመንካቱን ግን ማን ያውቃል? ፍርድ ቤት ጥርጣሬ ለተከሳሹ ይጠቅማል። እኛ ጋ ጥርጣሬ ከተነሳ ዕቃው ይወገዳል፣ ማስረጃ አይጠየቅም። ከተጠራጠርን ስቴራይል አይደለም። አለቀ። ይህ ሕግ ለሁሉም እኩል ካልሠራ ጭራሽ አይሠራም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣውን የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት ብዙ ሰው እንደ ፎርም ያየዋል። 19 ነጥብ ነው። በ8 ከተሞች ሲሞከር፣ ከእነሱም አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ነበረች፣ የታካሚዎች ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። ይህ በ2009 ታተመ። አንድ ገጽ ወረቀት ይህን ያህል እንዴት ይሠራል ብዬ አስብ ነበር። አሁን የሚመስለኝ ሁለቱ ነጥቦች ከባዱን ሥራ ይሠራሉ። አንደኛው፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና ሥራውን ይናገራል። ስሟን ጮክ ብላ የተናገረች ልጅ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ዶክተር፣ ነካዎት» ለማለት አፏ ተፈቷል። ሁለተኛው፣ ቆዳ ከመቆረጡ በፊት ነርሷ ትጠየቃለች፦ ስቴራይልነቱ ተረጋግጧል? ኢንዲኬተሩ ታይቷል? ሁሉም ዝም ብሎ የእሷን መልስ ይጠብቃል። በብዙ ክፍል ይህ አይደረግም። ወረቀቱ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ ከላይ እስከ ታች ራይት ይመታበታል። እንደዚያ ከሆነ ባይኖርም ግድ የለኝም።

ነርስ ተናግራ የመጣ ነገር ሲነሳ ጓንቱ ራሱ አለ። ዛሬ ያለ ጓንት ቀዶ ሕክምና አይታሰብም። መነሻው ግን ታካሚውን ከጀርም መከላከል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1889 እና በ1890 መካከል በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ካሮላይን ሃምፕተን የምትባል የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነበረች። በዚያን ጊዜ እጅ የሚነከረው የሜርኩሪ ውህድ ውስጥ ነው። ቆዳዋን ላጠው። ይህን አሳወቀች። ሰርጅኑ ዊልያም ሃልስቴድ ጉድይር ኩባንያን ስስ የጎማ ጓንት አሠራላት። (በኋላ ተጋቡ፤ ይህም ታሪኩ እንዳይረሳ የረዳው ይመስለኛል።) ረዳቶቹ ጓንቱን ወደዱት፣ ቀስ በቀስ ሁሉም ለበሰው። ጆሴፍ ብለድጉድ የተባለው ባልደረባቸው በሄርኒያ ታካሚዎች ላይ ኢንፌክሽን በጣም እንደቀነሰ የጻፈው በ1899 ነው። እጇ እየተላጠ ችላ ብትቀመጥ ኖሮ ያ ጓንት መቼ እንደሚመጣ እንጃ።

አሁን «ይህ ሁሉ ዕቃ ላለው ሰው ነው» የሚል አንባቢ አለ። ልክ ነው። ሦስት የሲዜሪያን ሴት ብቻ ያለው ሆስፒታል ውስጥ «ይመለስ» ማለትና አሥራ አምስት ባለው ሆስፒታል ውስጥ «ይመለስ» ማለት አንድ አይደለም። ሌሊት ኒድል ሆልደር (የስፌት መርፌ መያዣው) ወለል ላይ ሲወድቅ የሚቀርቡ ሐሳቦችን ሁሉ ሰምቻለሁ። አፍልተን እናምጣው? ውሃ በ92 ዲግሪ ስፖር አይገድልም። ክሎሪን ውስጥ እንንከረው? እሱም ስቴራይል አያደርገውም፣ ብረቱንም ይበላዋል። የሚሻለው አስቀድሞ እያንዳንዱ ሴት ውስጥ ሁለት ኒድል ሆልደር ማስገባት ነው። የሚወድቀው እሱ ነውና።

ጊዜ ጨርሶ የማይሰጥ ጉዳይም አለ። የሕፃኑ ልብ ምት ወርዶ፣ እናትየዋ ደም እየፈሰሳት፣ ጓንት ነካ አልነካ የማይባልበት። ያኔ ሰርጅኑ ይወስናል፣ እኔም እታዘዛለሁ። ግን አንድ ነገር አይቀርም። ጮክ ብሎ ይነገራል፣ ቻርት ላይም ይጻፋል። ዎርድ ላይ ያሉት ቁስሉን በምን ዓይን እንደሚያዩት ማወቅ አለባቸው። ይህን ዓይነቱን ሌሊት አስታኮ በሰላሙ ቀን መስነፍ ነው እኔን የሚያናድደኝ። «ድንገተኛ ነው» የሚል ቃል በቀጠሮ የመጣ ሄርኒያ ላይ ስሰማ ሳቄ ይመጣል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይጠሩ ሰዎች አሉ። ሲኤስአር፣ ማለትም ዕቃው የሚታጠብበትና የሚታሸግበት ክፍል። በምሠራበት ሆስፒታል ይህ ክፍል ከሥር ምድር ቤት ነው፣ ይሞቃል፣ መስኮቱ ጠባብ ነው። ደም የደረቀበት መገጣጠሚያ ምንም ያህል ሙቀት ቢያገኝ ስቴራይል አይሆንም፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚጀምረው እዚያ በብሩሽ ነው። ቼክሊስቱ ሲነበብ እነሱ የሉም። ስማቸውን የሚያውቅ ሰርጅን አላጋጠመኝም። መብራቱ ስንት ጊዜ እንደሄደ፣ የትኛው ዙር እንደተቋረጠ የሚያውቁት ግን እነሱ ብቻ ናቸው።

እኛ ጋ ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር ተጀመረ። ቴፑ ላይ ከቀኑ ጋር ዙሩና የጫነው ሰው ስም ይጻፋል። ኦፕሬሽን ክፍሉ ውስጥ ያለው የውስጥ ስልክ ቁጥርም ታች ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። መጀመሪያ ማንም አልደወለም፤ ወደ ላይ መደወል የማን ሥራ እንደሆነ አልታወቀም ነበር። እኔ ነበርኩ የምደውለው፣ ሴት ከመክፈቴ በፊት፦ «ጋሼ፣ የሁለተኛው ዙር ደህና ነበር?»

ባለፈው ክረምት ስልኩ ራሱ ጮኸ። ታካሚው ገብቷል፣ አንስቴቲስቱ መድኃኒት እያዘጋጀ ነው። የሲኤስአሩ ጋሼ ናቸው። «ሲስተር፣ የዛሬውን የመጀመሪያ ዙር እንዳትከፍቱት። ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር፣ ተረኛው እንደገና አላስጀመረውም። አሁን መዝገቡን ሳይ ነው ያወቅሁት።» ሦስት ሴት ነበር። ሦስቱንም በጋሪ መለስናቸው። ሰርጅኑ አጉረመረመ፣ ታካሚውን ወደ መጠበቂያ አወጣነው፣ ለቤተሰቡም ነገርናቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የተያዘው ቀዶ ሕክምና አራት ሰዓት ካሩብ ላይ ተጀመረ።